ለድሬ ሙቀት የሚሆን ፕሮቲን ባር፣ በለውዝ በበሶና በተምር

ድሬ ላይ ፕሮቲን ባር ቤቴ እሰራለሁ ያለ ሰው ከፕሮቲኑ በፊት ሊያስብ ሚገባው ስለ ሙቀቱ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉትን አሰራሮች አይታችሁ ከሆነ አብዛኞቹ በኮኮናት ዘይት ወይ በቅቤ ወይ በቸኮሌት ነው ሚያያዙት፣ ከዛ ፍሪጅ ከታችሁ ብሉት ይላሉ፣ ሲያዩት ያምራል ግን አቦ የኮኮናት ዘይት 24 ዲግሪ አካባቢ ነው ሚቀልጠው፣ ቸኮሌት ውስጥ ያለው የካካዎ ቅቤም 34 ዲግሪ አካባቢ ይለቃል፣ እኛ ጋ ደግሞ ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀኑ 35 ሲሞላ ማንም አይገርመውም። ስለዚህ ከፍሪጅ አውጥታችሁ ቦርሳ ውስጥ ከታችሁት ከከዚራ ሳቢያን በባጃጅ እስክትደርሱ ባሩ ቀልጦ ፌስታሉ ላይ ተለጥፏል፣ ልትበሉት ሳይሆን ልትልሱት ነው ማለት ነው።

እኔ ምሰራው ሌላ ነው። ቅቤ የለውም፣ ቸኮሌት የለውም፣ ሚይዘው እሳት ላይ ውሃው እንዲተን በተደረገ ተምርና ማር ነው፣ ሌላው ከለውዙ ከራሱ ሚወጣው ቅባትና ቀድሞ የተቆላ ደረቅ ዱቄት ነው። ሁሉም ቀፊራ ገበያ ይገኛል። ሐረር ያላችሁም ሸዋ በር ሄዳችሁ ሁሉንም ታገኙታላችሁ፣ እናንተማ ብርዱም ስላለላችሁ ስራው ይቀላችኋል።

በነገራችን ላይ ጭኮ ሚባለውን ምታውቁ ሰዎች ይሄ ምን አዲስ ነገር አለው ልትሉ ትችላላችሁ፣ እውነታችሁን ነው፣ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ ለመንገድ ሚያዝ ምግብ እዚህ ሀገር የቆየ ነው። ልዩነቱ ጭኮ ጉልበት ነው ሚሰጠው፣ ገብስና ቅቤ ስለሆነ ፕሮቲኑ ብዙም አይደለም፣ ቅቤው ደግሞ ለደጋ ይሆናል እንጂ ድሬ ላይ እጅ ላይ ይቀልጣል። ሀሳቡ ግን ያው ነው፣ እኛ ቅቤውን በለውዝ፣ ከገብሱም ከፊሉን በሽምብራ ቀየርነው በሉት።

ሚያስፈልጋችሁን ልንገራችሁ፣ ሚዛን ያለው በሚዛን ይስራ ምክንያቱም ብርጭቆው እንደየቤቱ ይለያያል። የተቆላና የተላጠ ለውዝ 200 ግራም፣ የሽምብራ ቆሎ ዱቄት 150፣ በሶ 100፣ የዱቄት ወተት 100፣ ሰሊጥ 50፣ ፍሬው የወጣለት ተምር 250፣ ማር 3 የሾርባ ማንኪያ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሄል የተፈጨ አንድ የሻይ ማንኪያ። በቃ ይሄው ነው። 900 ግራም አካባቢ ይወጣችኋል፣ 18 ቦታ ስትቆርጡት አንዱ 50 ግራም ገደማ ይሆናል።

ፕሮቲኑ ስንት ነው ለሚለው እንዳታፍሩብኝ በግልፅ ላስላው። ለውዝ በ100 ግራም 26 ገደማ አለው ስለዚህ 52፣ ሽምብራው 30፣ ሙሉ ቅባት ያለው የዱቄት ወተት 26፣ በሶው 11፣ ሰሊጡ 9፣ ተምሩ 5 ገደማ፣ ማር ምንም የለውም። ተደምሮ 133 ነው፣ ለ18 ስታካፍሉት በአንድ ባር 7 ግራም ከምናምን፣ ካሎሪው ደግሞ 200 አካባቢ። ሱቅ ያለው የታሸገው ባር 20 ግራም ምናምን ብሎ ይፅፋል፣ ያ ዌይ ሚባለው ከወተት ሚወጣ የፕሮቲን ዱቄት ስለሚጨመርበት ነው፣ ያለ ዌይ በለውዝና በእህል ብቻ 20 ግራም በአንዲት ቁራሽ ይገባል ያላችሁን ሰው አትመኑት። ስፖርት ማይሰራ ጤነኛ ሰው በቀን በኪሎው 0.8 ግራም ይበቃዋል ይባላል፣ 65 ኪሎ ሰው 52 ግራም ማለት ነው፣ ጂም ምትሰሩ ከ1.4 እስከ 2 ድረስ ትሄዳላችሁ። ስለዚህ ይሄ ባር ምሳን አይተካም፣ ከጂም ወጥታችሁ ቤት እስክትደርሱ ሚይዝ መክሰስ ነው፣ ሁለት ከበላችሁ 15 ግራም አገኛችሁ ያ ደግሞ ቀላል አይደለም።

ጥራቱ ላይ ግን አይታማም። ገብስ ላይሲን ሚባለው አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ፕሮቲን ከሚገነባባቸው ቁራጮች አንዱ፣ ያንሰዋል፣ ሽምብራ ላይ ያ በብዛት አለ፣ ሽምብራ ደግሞ ሜታዮኒን ሚባለው ሌላ አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፣ ያንን ሰሊጥ ይሞላዋል። ለዚህ ነው ሶስቱም እንዲኖሩ ምለው፣ አንዱን አውጥታችሁ በአንዱ ብቻ ብትሞሉት ግራሙ ተመሳሳይ ይመስላል ሰውነት ሚጠቀምበት ግን ይቀንሳል።

አሁን ወደ ገበያው። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ቀፊራ ሄዳችሁ ግማሹ ተኝቶ ግማሹ በርጫ ላይ ነው፣ ማንም ለውዝ እንድትመርጡ ትዕግስት የለውም። ለውዙን የባቢሌ ነው ይሏችኋል፣ ብዙውን ጊዜም እውነት ነው፣ ባቢሌ ከሐረር ወደ ጅግጅጋ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ናት፣ አካባቢው በለውዝ የታወቀ ነው። ግን የባቢሌ መሆኑ ብቻ አይበቃም፣ አንድ እፍኝ አንሱና መዳፋችሁ ላይ ዘርግታችሁ እዩት። ቆዳው የተጨማደደ፣ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ወይ ግራጫ ነገር ያለው፣ ሲሰበር ውስጡ ቢጫ ወይ ጠቆር ያለ፣ እንደዚህ አይነት እፍኙ ውስጥ ሁለት ሶስት ካያችሁ ሌላ ሻጭ ጋ ሂዱ። ለውዝ በደንብ ሳይደርቅ ከተከማቸ አፍላቶክሲን ሚባል መርዝ ሚያመነጭ ሻጋታ ይይዘዋል፣ ጉበት ነው ሚጎዳው፣ መጥፎነቱ ደግሞ መቁላት አያጠፋውም፣ ትንሽ ይቀንሰው ይሆናል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይሄድም። ሲቀመስ መረር ካለ ትፉት። እናቴ፣ ትንሽ ልምረጥ ብላችሁ ብትጠይቋት ሻጯ ትስቅባችኋለች፣ ልጄ በእህል ሚዛን ነው ምሸጠው በፍሬ አይደለም ትላለች፣ ግን ትፈቅዳለች፣ ቤት ደግሞ ትሪ ላይ አፍስሳችሁ እንደገና ልቀሙት። ጥሬውን ግዙ፣ ተቆልቶ ሚሸጠው ጨው አለበት፣ መቼ እንደተቆላም አታውቁም።

ሽምብራው ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ የተፈጨ ሽሮ አይሆንም። ሽሮ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት አለ በርበሬ አለ በሶብላ አለ፣ ነጭ ሽሮ ነው ብለው ቢሰጧችሁ እንኳ ኮረሪማና ነጭ ሽንኩርት አያጣም፣ በማር ታሽቶ ሲመጣ ምን እንደሚመስል እናንተው አስቡት። ጥሬ ሽምብራ አስፈጭታችሁም እንዳትጨምሩ፣ ይሄ ባር አይበስልም፣ ጥሬ የጥራጥሬ ዱቄት ደግሞ ሆድ ይነፋል ያምማል። ምትገዙት ቆሎ ሆኖ ሚሸጠውን፣ ተቆልቶ የተላጠውን ሽምብራ ነው፣ ጥርስ ላይ ሲሰበር ቀለል ሚለውን፣ እሱን ቤት በሚክሰር ወይ በቡና መፍጫ ትፈጩታላችሁ። መፍጫው ቡና ቡና እንዳይሸት ቀድማችሁ አንድ እፍኝ ጥሬ ሩዝ ፍጩበትና ጥረጉት። ወፍጮ ቤት ለመውሰድ ካሰባችሁ ብዙ ሲሆን ብቻ ነው፣ ከፊት በርበሬ ተፈጭቶበት ከሆነ አለቀላችሁ፣ ባለወፍጮውን ምን እንደፈጨ ጠይቁት፣ ጤፍ ወይ ስንዴ ካለፈበት በኋላ ስጡት።

በሶ ሁሉም ቤት ስላለ ብዙ አላወራም፣ ጨውና ቅመም ያልገባበት ይሁን፣ ሸካራ ከሆነ ንፉት። ወተቱ ኒዶም ይሁን ሌላ ያገኛችሁት። የግመል ወተት ለምን አይሆንም ሚል አይጠፋም፣ ድሬ ላይ እንደልብ ነው አውቃለሁ፣ ግን ፈሳሽ ነገር በጠቅላላ እዚህ ባር ውስጥ አይገባም፣ ከጎኑ ጠጡት።

ተምር ላይ ለስላሳውን ግዙ። ረመዳን ሰሞን ምርጫው ብዙ ነው፣ በሌላ ጊዜ ደረቅ ሆኖ ነው ሚገኘው፣ ያም ይሆናል። እያንዳንዱን ተምር ለሁለት ክፈሉት፣ ፍሬውን ለማውጣት ብቻ አይደለም፣ ውስጡ ትል ወይ ጥቁር ዱቄት መሳይ ነገር ሊኖር ይችላል፣ ሙሉውን እንዳለ ሚክሰር ውስጥ ከከተታችሁት ግን መቼም አታዩትም።

ደረቁን ተምር ብዙ ሰው ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። እዚህ ላይ ነው ባሩ ሚበላሸው። ተምሩ ውሃውን ይጠጣል፣ ውሃው ደግሞ ተመልሶ ባሩ ውስጥ ይቀመጣል፣ መጀመሪያ ሲያዩት ለስላሳ ነው ደስ ይላል፣ በሁለተኛው ቀን ይላላል፣ ሙቀት ካለ በሶስት በአራት ቀን ይሻግታል ወይ ይኮመጥጣል። ማርና ተምር ሳይበላሹ ሚቆዩት ስኳራቸው ውሃውን ስለሚይዘው ነው፣ ሻጋታ ሚጠቀምበት ውሃ አያገኝም፣ እናንተ ውሃ ጨመራችሁ ማለት ያንን በር ከፈታችሁለት ማለት ነው። ስለዚህ አትዘፍዝፉት፣ በእንፋሎት አለስልሱት። ድስት ውስጥ ውሃ አፍሉ፣ ላዩ ላይ ወንፊት አድርጉና ተምሩን ዘርግታችሁ ክደኑት፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። በጣት ሲጫኑት ከተጨፈለቀ በቃው። ከዛ በሙቀጫ ውቀጡት ወይ ሚክሰር ካላችሁ ፍጩት፣ እኔ ሙቀጫውን እመርጣለሁ ምክንያቱም ሚክሰሩ ተምር ሲገባበት እየተያዘ ሞተሩ ይግላል፣ ርካሽ ሚክሰር ከሆነ ይቃጠላል።

ለውዙን ቁሉ። ወፈር ያለ መጥበሻ፣ መካከለኛም አይደለም ከመካከለኛ ዝቅ ያለ እሳት፣ ሳታቋርጡ ማማሰል፣ 15 ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል። እሳቱን ከፍ አድርጋችሁ በ6 ደቂቃ ልጨርስ ካላችሁ ቆዳው ያርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል። አንዱን አንስታችሁ በሁለት ጣት ስታሹት ቆዳው ወዲያው ከለቀቀና ውስጡ ነጣ ያለ ወርቃማ ሲሆን አውጡት፣ ከወረደ በኋላም በራሱ ሙቀት ትንሽ መብሰሉን ይቀጥላል ስለዚህ ልክ ነው ብላችሁ ከምታስቡት ትንሽ ቀድማችሁ አውርዱ። ሲበርድ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እሹት፣ ሰፌድ ላይ አድርጋችሁ አንፍሱት፣ ቆዳው ይሄዳል። ሰሊጡም ታጥቦ ደርቆ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይቆላል፣ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ይበቃዋል፣ ካለፈ ይመራል።

ከለውዙ ግማሹን በሙቀጫ ሸካራ አድርጋችሁ ሰባብሩት፣ ለማኘክ ሚሆን ነገር ይኑረው። ግማሹን ቅባቱ እስኪወጣ ፍጩት። መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል፣ ከዛ እየተያያዘ ይጓጉላል፣ አታቁሙ፣ ጎኑን እየጠረጋችሁ ቀጥሉ፣ ድንገት ይፈታና ሚፈስ ሊጥ ይሆናል። ውሃም ዘይትም አይጨመርም። ሚክሰሩ ሲግል እያሳረፋችሁ። የለውዝ ቅቤ በቆርቆሮ ወይ በጠርሙስ ገዝቼ ልጠቀም ምትሉ ትችላላችሁ፣ ጀርባውን አንብቡት ግን፣ ስኳርና ሌላ ዘይት የተጨመረበት ከሆነ ባሩ ይለሰልሳል።

አሁን ዋናው። የተወቀጠውን ተምርና ማሩን አንድ ላይ ወፍራም ድስት ውስጥ ጨምሩና በዝግታ እሳት ላይ አማስሉ። መጀመሪያ ይላላል፣ ማሩ ይፈላል፣ ከዛ እንፋሎቱ እየወጣ ሲሄድ ይከብዳል፣ ማንኪያው ላይ ትሰሙታላችሁ። ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ውስጥ ከድስቱ ግርጌ ተጠቅልሎ መነሳት ይጀምራል፣ ማንኪያውን ስታሳልፉበት ግርጌው ይታይና ቶሎ አይዘጋም። ያኔ ትንሽ ጠብታ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ አድርጉ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ በጣት ጫኑት። ጣታችሁ ላይ ክር እየሰራ ከተከተላችሁ ገና ነው። ቅርፁን ይዞ ጣታችሁን ከለቀቀ ደርሷል። ሐላዋ ሲሰራ ያየ ሰው ይሄ ይገባዋል፣ እዚያም ስራው በሙሉ ማማሰሉና መቼ እንደሚወርድ ማወቁ ላይ ነው። ካሳለፋችሁት ግን ሲበርድ ድንጋይ ይሆናል ጥርስ ይሰብራል፣ ስለዚህ ስልክ ሚባል ነገር ወደዛ ይቀመጥ።

ከእሳት አውርዱት። ጨውና ሄሉን ጨምሩ፣ ከዛ የለውዙን ሊጥ፣ አገላብጡ። በሶውን፣ የሽምብራውን ዱቄት፣ ወተቱን፣ ሰሊጡን በሌላ ሳህን ቀድማችሁ ደባልቃችሁ ጠብቁ፣ በተለይ ወተቱ ለብቻው ትኩስ ነገር ላይ ከፈሰሰ ይጓጉልና እንክብል ይሰራል፣ ከበሶ ጋር ተደባልቆ ከገባ ግን አይጓጉልም። በሶስት ጊዜ ጨምሩት፣ በመጨረሻም የተሰባበረውን ለውዝ። ማንኪያ እምቢ ሲል እጃችሁን ዘይት ቀብታችሁ እሹት፣ ትኩስ ስለሆነ ተጠንቀቁ፣ ግን በጣም ከቀዘቀዘ ደግሞ አይታሽም። ጭብጥ አድርጋችሁ ስትይዙት ቅርፁን ከያዘና ስትሰብሩት ንፁህ ሆኖ ለሁለት ካለ ልክ ነው። ከተፈረፈረ አንድ ማንኪያ ማር ወይ የለውዝ ሊጥ፣ ውሃ ግን በፍፁም፣ ከተጣበቀ አንድ ሁለት ማንኪያ በሶ።

20 በ24 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትሪ ወይ መጋገሪያ ካላችሁ ልኩ ነው፣ ውፍረቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ታቹ ላይ የኬክ ወረቀት አንጥፉ፣ ከሌለ ፎይል ዘይት ቀብታችሁ፣ ፌስታል ግን ትኩስ ነገር ላይ አታድርጉ። አፍስሱና በብርጭቆ ቂጥ ጠቅጥቁት፣ በተለይ ጠርዙን፣ ሰው ሁሌ መሀሉን ብቻ ይጫንና ጠርዙ ይፈረፈርበታል። ከዛ ላዩ ላይ ወረቀት አድርጋችሁ በጠርሙስ ዳምጡት። ፍሪጅ ካለ 2 ሰዓት፣ መብራት ከጠፋ ወይ ፍሪጅ ከሌለ ጨርቅ አልብሳችሁ ጉንዳን ማይደርስበት ቦታ እስኪነጋ አሳድሩት፣ ጉንዳኑ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ትሪውን ውሃ ያለበት ሰፊ ሳህን መሀል ኩባያ ደፍታችሁ እሱ ላይ ማስቀመጥ ነው መፍትሄው። ማታ ሰርቶ ጠዋት መቁረጥ ለድሬ ይመቻል፣ ከሰዓት ማድቤት ውስጥ እሳት ለኩሶ መቆም በራሱ ቅጣት ነው።

ቢላውን ዘይት ቀቡና ወደ ታች ተጭናችሁ ቁረጡ፣ እንደ መጋዝ አትጎትቱት። ባንዱ በኩል 3 ባንዱ በኩል 6 ስትቆርጡት 18 ይወጣል።

ከዚህም ጠንከር እንዲል ምትፈልጉ፣ ለምሳሌ ቀን ሙሉ ሳይክል ላይ ወይ ስራ ቦታ ቦርሳ ውስጥ ሚውል ከሆነ፣ ከተቆረጠ በኋላ ኦቨን ውስጥ 150 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ አድርቁት። ኦቨን የሌለው ወፍራም ድስት ክዳኑን ገርበብ አድርጎ በጣም ዝቅተኛ እሳት ላይ፣ ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይርቅ፣ ተምሩ ቶሎ ነው ሚያርረው። ሲወጣ ለስላሳ ይመስላል፣ ሲበርድ ይጠነክራል።

ጾም ላይ ላላችሁ ወተቱን አውጡና በምትኩ 100 ግራም የአኩሪ አተር ዱቄት አድርጉ፣ በደንብ የተቆላ ግን፣ አኩሪ አተር ጥሬውን ፕሮቲን እንዳይፈጭ ሚከለክል ነገር አለው፣ እሱን ሙቀት ነው ሚያጠፋው። ይሄኛው ፕሮቲኑ እንደውም ከፍ ይላል፣ በአንድ ባር ወደ 8 ግራም ይጠጋል፣ አኩሪ አተር ከሙሉ ወተት ዱቄት ይበልጣልና። ጣዕሙ ግን ትንሽ ባቄላ ባቄላ ይላል፣ ሄሉን ከፍ አድርጉት ወይ ቀረፋ ጨምሩ። በጾም ማር ማይበላም ካለ ማሩን ትቶ ተምሩን በ60 ግራም መጨመር ነው።

ዌይ ያላችሁ የጂም ሰዎች በሶውን አውጥታችሁ 100 ግራም ዌይ አስገቡ፣ አንዱ ባር ወደ 11 ግራም ይደርሳል። ዌይ ግን ትኩስ ላይ ከገባ ይጠጥራል፣ ሊጡ እጅ ሲያስችል ነው ሚጨመረው፣ በቀናት ውስጥም ባሩን እያጠነከረው ይሄዳል ስለዚህ አንድ ማንኪያ የለውዝ ሊጥ ጨመር አድርጉበት። እኔ በግሌ በሶው ሲወጣ ጣዕሙ ባዶ ይሆንብኛል፣ ያ ብስል ገብስ ሽታ ነው ባሩን የኛ ሚያደርገው።

ቸኮሌት ካልቀመስኩ ምትሉ የኮኮዋ ዱቄት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ከበሶው ጋር ደባልቁ፣ ዱቄቱ ስለማይቀልጥ ችግር የለውም። ሌላው ደስ ሚለኝ አንድ የሻይ ማንኪያ በጣም የላመ የሐረር ቡና ነው፣ ከተምርና ከሄል ጋር ሲገናኝ ሽታው ማድቤቱን ይሞላዋል፣ ማታ ለሚበላና ለልጅ ግን አይሆንም። የዱባ ፍሬ ምታገኙም ከለውዙ 50 ግራሙን በሱ ቀይሩ፣ ፕሮቲኑ በ100 ግራም 30 ገደማ ነው ከለውዝም ይበልጣል። ሙዝ እንጨምር ሚል አሰራር ታያላችሁ፣ ሙዝ አብዛኛው ውሃ ነው፣ በዛው ቀን ሚያልቅ ካልሆነ ተዉት።

አቀማመጡ፣ አንድ አንዱን በወረቀት ጠቅልሉ፣ ክዳኑ ሚገጥም ቆርቆሮ ወይ ፕላስቲክ እቃ ውስጥ። ውጪ በጥላ ቦታ አንድ ሳምንት፣ ከሳምንት በላይ አልመክርም ምክንያቱም የለውዙ ቅባት በሙቀት ቶሎ ይበላሻል፣ ሻጋታ ባይታይም ቀለም ቀለም ሚል ሽታ ካመጣ ጣሉት። ፍሪጅ ሶስት ሳምንት፣ ፍሪዘር ሁለት ወር። ከፍሪጅ ወጥቶ ላብ ካላበው ሳትጠርጉት መልሳችሁ አትጠቅልሉት።

ማን ይብላው ማን አይብላው ለሚለው፣ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ህፃን ማር ያለበት ነገር በፍፁም አይሰጥም፣ ቦቱሊዝም ሚባል ከባድ የመመረዝ አደጋ አለ። ትናንሽ ልጆች ካሉ ለውዙን ሁሉንም አልሙት፣ ቁራጭ ለውዝ ያንቃቸዋል። ለውዝ አለርጂ ያለበት እንግዳ እንዳይመጣባችሁ ለሰው ስትሰጡ ምን እንዳለበት ንገሩ። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ፕሮቲን ነው ተብሎ እንዳይሸወድ፣ አንዱ ባር ውስጥ ከተምሩና ከማሩ ከወተቱም ጭምር ወደ 14 ግራም ስኳር አለ፣ ተፈጥሯዊ ነው ማለት ደሙ ውስጥ አይገባም ማለት አይደለም። ግማሹን ይብላ፣ ወይ ሐኪሙን ያማክር።

ለረጅም መንገድ ይዛችሁ ምትወጡ ከሆነ፣ አዲስ አበባ በአውቶቡስም ይሁን ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረር፣ የደረቀውን ነው ምትይዙት፣ ቦርሳው ላይ ከላይ አድርጉት ከስሩ እንዳይጨፈለቅ፣ ከመኪናው መስታወት ጎን ፀሐይ ሚመታበት ቦታ አታስቀምጡት። ውሃም ያዙ፣ በሶና ሽምብራ ሆድ ውስጥ ገብቶ ውሃ ይስባል፣ በሙቀት ላይ ባር በልቶ ውሃ ሳይጠጣ የተጓዘ ሰው ጉሮሮው ይደርቃል፣ ሆዱም ይደርቅበታል።